አለቃ እንዳያለቅሱ

«ይማርህ!» አሉት አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ።

«አላስነጠስኩም» አላቸው አናጺው።

ሴትዮዋ አንገታቸውን ዘወር አድርገው አዩት። አውቶብሱ ዳገቱን ጨርሶ ቁልቁለቱን ተያይዞታል፤ ሞተሩ ያጓራል፤ ሾፌሩም ሬዲዮኑን ለመላው መንገደኛ ከፍቶታል። ቢሆንም ማስነጠስ ማስነጠስ ነው፤ ፊተኛው ወንበር ላይ ያንቀላፋው ሰውዬ እንኳ ደንግጦ ነቅቷል።

«እንግዲያው ያላስነጠሰውን ይማረው» አሉና ሴትዮዋ በስካርፋቸው አፍንጫቸውን ሸፈን አደረጉ።

«አቧራ ነው፣ እማማ።»

«ይሁና። መስኮቱን ግን ዝጋው፣ ልጄ። ትኩስ የተላጨ አገጭ ነፋስ አይወድም። ስትሳፈር ነው ያየሁህ፤ ከአፍንጫህ በላይ አንድ ሰው፣ ከአፍንጫህ በታች ሌላ ሰው!»

አናጺው መስኮቱን ዘጋና ምራቁን ዋጠ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና፣ ጉሮሮው ውስጥ የሆነ ነገር ከርከር እንዳደረገው ካወቀ ቆይቷል። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ደግሞ ዋጠ፤ አሁንም ዋጠ። አልተሳሳተም።

ለሌላ ሰው የጉሮሮ መከርከር ምንም አይደለም፤ ትኩስ ነገር ይጠጣበትና ይረሳዋል። እሱ ግን የሚሄደው ልጁን ሊታቀፍ ነበር።

ልጁ የተወለደው ልቡ ሳያልቅ ነው። የልቡ ቀኝ ክፍል ደህና ነው፤ ደሙን ለመላ ሰውነት የሚገፋው የግራው ክፍል ግን ሳያድግ ቀርቶ የአተር ፍሬ የምታህል ነገር ሆኖ ተገኘ። በተወለደ ማግስት ቀዶ ሐኪሙ ባልና ሚስቱን ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ምንም ሳያድበሰብስ ነገራቸው።

«ልቡን አንጠግነውም፤ የሌለ ነገር አይጠገንም። ያለችው ክፍል የሁለቱንም ሥራ እንድትሠራ የደሙን መንገድ እናዞርላታለን። በአንዴ ግን አይሆንም። በሦስት ቀዶ ሕክምና ነው። የመጀመሪያው በዚህ ሳምንት፣ ሁለተኛው ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ሦስተኛው በእግሩ ቆሞ መሯሯጥ ሲጀምር። አሁን ደም ወደ ሳንባው የምታደርስ ትንሽ ቱቦ እናስገባለታለን። ቱቦዋ ግን አብራው አታድግም።»

አናጺው ያን ቀን የጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። «እኛ የልጅ አልጋ ስንሠራ ማደጊያውን አስበን ረዘም እናደርገዋለን። እናንተስ ምናለ ትንሽ ሰፋ ብታደርጓት?»

ሐኪሙ አልሳቀበትም። «ብትሰፋ ደሙ ሳንባውን ያጥለቀልቀዋል። ለዛሬ ልኩ መሆን አለባት። ሲያድግ ትጠበዋለች፤ ያኔ ሁለተኛውን እንሠራለን።»

ከዚያ ወዲህ ያ ቤተሰብ የሚደሰተውም የሚፈራውም በአንድ ነገር ሆነ። ልጁ ክብደት ሲጨምር ደስታ ነው፤ ደስታው ሳያልቅ ደግሞ፣ ጨመረ ማለት ቱቦዋ ጠበበችው ማለት አይደል? ይኼው ጠበበችው። ሰሞኑን ከንፈሩ ጠዋት ጠዋት ጥቁር እንጆሪ የነካካው መስሎ ይታያል። ነገ በማለዳ ሆስፒታል ገብቶ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። ጉንፋን ከያዘው ግን አይደረግለትም፤ ሳንባው እስኪጸዳ ሳምንታት ይጠበቃል። ቱቦዋ ያን ያህል ትቆይለት እንደሆነ ሐኪሙም አያውቅም።

አናጺው ልጁን የታቀፈው አንድ ጊዜ ነው። ከማዋለጃው ወደ ሕፃናቱ ክፍል ሲያዛውሩት፣ ነርሷ እጇ ሞልቶ ስለነበር «እስኪ አንዴ ያዝልኝ» ብላ ሰጠችው። እጁ ላይ የቆየው ሊፍቱ እስኪመጣ ድረስ ነው። ሊፍቱ መጣና ወሰደችው። አናጺው ከዚያ በኋላ በሕይወቱ ሊፍት የሚባል ነገር አይወድም። ሥራ ቦታ ልክ ያን ያህል የሚከብድ ቁራጭ እንጨት እጁ ከገባ፣ ምን ልሠራበት ነበር ያነሳሁት ብሎ ቆሞ ይቀራል። ጓደኞቹ መጀመሪያ ላይ ይስቁበት ነበር፤ ኋላ ግን ነገሩ ሲገባቸው፣ አይተው እንዳላዩ ማለፍ ጀመሩ።

ሚስቱ ከሆስፒታሉ እንዳትርቅ ስለተባለ ከልጁ ጋር እዚያው ከተማ ክፍል ተከራይታ ቀረች። እሱ ወደ ሥራውና ወደ ትልቋ ልጃቸው ተመለሰ። አንድ ጊዜ ሊጠይቃቸው ሄዶ ልጁ ሆስፒታል ተመልሶ ገብቶ ስለነበር በመስታወት አይቶት መጣ። ሌላ ጊዜ ሊሄድ ሻንጣውን ካዘጋጀ በኋላ ትልቋ ልጅ አተኮሳትና ቀረ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ቪዲዮ ነው የሚተያዩት። በምሳ እረፍት ስልኩን እንጨት መቁረጫው ላይ ያቆምና፣ ጢሙ በእንጨት ብናኝ እንደተሸፈነ፣ ከልጁ ጋር ያወጋል። ልጁ ስም ቢወጣለትም በስሙ የሚጠራው የለም። ቤቱ ሁሉ በእሱ ትእዛዝ ስለሚያድር «አለቃ» ተብሏል፤ አለቃ ደግሞ አንተ አይባልም። አለቃ በልተዋል፣ አለቃ ተኝተዋል፣ አለቃ ተቆጥተዋል።

ጢሙን ያስላጨችው ሚስቱ ናት ማለት ይቻላል። «በዚያ ጢምህ አናጺ ቤቱን በሙሉ ይዘህብን እንዳትመጣ» ብላው ነበር፣ እየሳቀች። እሱ ሳቁን ትቶ ነገሩን ያዘ። የእንጨት ብናኝ የልጁ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ታየው። ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ በቀዝቃዛ ውሃ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ታጠበ፤ ታጥቦ ሳይደርቅ ፀጉር አስተካካዩን ከቤቱ ጠርቶ አስከፈተው። ፀጉር አስተካካዩ «ጢሞ፣ እርግጠኛ ነህ?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀው፤ ሰው ሁሉ ጢሞ ብሎ የሚጠራውን ሰው ጢም መላጨት ምልክት እንደ መንቀል ሆኖበት። እርግጠኛ ነበር። እርጥብ ራሱንና እርቃን አገጩን ይዞ ነፋስ ላይ ቆሞ አውቶብስ ጠበቀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ከአውቶብሱ ሲወርድ ሴትዮዋ ከረሜላ ሰጡት። «ላላስነጠሰ ሰው ይሆናል» አሉት።

የተከራዩት ክፍል ከሆስፒታሉ በስተጀርባ ባለ ጸጥተኛ መንገድ ላይ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። አከራይዋ በሩ ሥር ባልዲ፣ ሳሙናና የጭምብል ካርቶን ደርድረዋል። የውጭውን በር ገርበብ አድርገው በክፍተቱ አዩት።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። አባቱ።»

«አባቱ ጢም አለው። በስልክ አይቼዋለሁ።»

«ተላጨሁት።»

አከራይዋ ድምፁን ለዩትና በሩን ከፈቱ፤ ሰውነታቸውን ግን ከመግቢያው ላይ አላነሱም። «ጤነኛ ነህ? አያስልህም፣ አያስነጥስህም? እዚህ ቤት የሚገባ ሰው ይኼን ሳይመልስ አያልፍም። የገዛ ወንድሜን መልሼዋለሁ።»

እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። በግቢው ጥግ ባለችው ክፍል ደጃፍ ላይ የልጁ ትንንሽ ልብሶች ተሰጥተው አየ። ልጁ በስልክ ከሚመስለው በላይ ትልቅ ሆኗል።

«እንደ በሬ ነኝ» አለ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ለማንኛውም እስከ ክርንህ ታጠብ፣ ጭምብልም አድርግ።»

ሚስቱ ድምፁን ሰምታ በሩ ላይ ወጣች። ከስታለች። አንደኛው የሹራቧ እጅጌ በወተት ረጥቧል፤ ዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል። ስታየው ግን ሳቋ አመለጣት፤ ልጁ እንዳይነቃ አፏን በእጇ አፍና ሳቀች።

«ወይኔ ጉዴ! ምን ሆነህ ነው? ዕድሜህን ቀንሰው ነው እንዴ የላኩህ?» አለችና አገጩን ልትዳስስ እጇን ዘረጋች።

ወደ ኋላ ሸሸ።

«ምነው?»

«የመንገድ አቧራ ነኝ። ልታጠብና።»

ንጹሕ ሸሚዝ ተኩሳ አስቀምጣለታለች። ግቢው ውስጥ ባለችው መታጠቢያ ቤት ገብቶ ልብሱን ሲቀይር፣ በሩን ተደግፋ በሹክሹክታ ታወራዋለች። ለወራት በስልክ ያላወራችው ነገር ነው።

«ስማ፣ ሁሉንም አስቤዋለሁ። ወንበሩን መስኮቱ አጠገብ አድርጌዋለሁ፤ ክርንህ ሥር ትራስ አለ። ሲነቃ አንተ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ደረትህ ላይ ጋደም አድርገው እንጂ አታናውጠው። እኔ ደግሞ አልጋው ላይ ወድቄ እተኛለሁ። እንቅልፍ እንዴት እንደሆነ ረስቼዋለሁ እኮ። አንዱን ዓይኔን ብቻ ነው የምጨፍነው። ዛሬ ሁለቱንም ልጨፍን።»

«እሺ።»

«ደግሞ ነገ…» አለችና ቆመች። «ነገ ከመግባቱ በፊት አንተ እንድትታቀፈው ነው የፈለግኩት። ገባህ?»

«ገባኝ።»

ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተና ሳሉን በውሃው ድምፅ ውስጥ ደበቀ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ደረቅ ሳል ነው። በመስታወቱ ውስጥ ያንን እንግዳ አገጩን እያየ ከራሱ ጋር ተከራከረ። የእንጨት ብናኝ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ አስሎኛል። የአውቶብሱ ነፋስ ነው። ጭምብል አደርጋለሁ። ትንፋሼን ይዤ ለአንድ አፍታ ብታቀፈው ምን ይሆናል? ይኼ ሁሉ ክርክር ግን የላይ የላዩ ነው። ከሥር ያለው ሌላ ነው፤ ነገ ልጁን ወደ ውስጥ ይወስዱታል፣ ምናልባትም ሳይታቀፈው ይቀራል። ሊፍቱ እስኪመጣ የያዘው የእሱ ድርሻ በሙሉ ያ ሆኖ ይቀራል። ልጁን መታቀፍ ፈለገ፤ ውሃ የጠማው ሰው ውሃ እንደሚፈልግ ፈለገው።

ጭምብሉን አድርጎ ወጣና የክፍሉ ደፍ ላይ ቆመ። ልጁ አልጋው ላይ ነው። በአፍንጫው የምትገባው ቀጭን የወተት ቱቦ ጉንጩ ላይ በፕላስተር ተለጥፋለች፤ በእግሩ አውራ ጣት ላይ የታሰረችው መብራት እግሩን ከውስጥ አቅልታዋለች። መብራቷ የደሙን አየር የምትቆጥር ናት፤ ቁጥሩ ከትራሱ አጠገብ ካለች ትንሽ ማሽን ላይ ይነበባል። ግድግዳው ላይ ምንም አልተሰቀለም፤ አቧራ የሚይዝ ነገር ሁሉ ከክፍሉ ወጥቷል። ልጁ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ እጅ የሰጠ ወታደር መስሎ ተኝቷል። የእሱ ጆሮ ነው ያለው፤ ወጣ ያለ፣ የአባቱ ጆሮ። በስልክ ይህን አላየውም ነበር።

ሚስቱ ጎንበስ ብላ እጆቿን ከልጁ ሥር አስገባች። «ና ተቀመጥ፤ ሊነቃልህ ነው» አለችው።

«ቁሚ» አላት።

«ምን?»

«እንዳታመጪው። አስቀምጪው። ጉሮሮዬን ከርክሮኛል።»

እጆቿን ከልጁ ሥር ሳታወጣ እንደጎነበሰች ቀረች። አናጺው ደፉን ለቅቆ አንድ እርምጃ ወደ ግቢው ወጣ፤ አልጠራችውም።

«መቼ ነው የጀመረህ?»

«አውቶብስ ላይ።»

«እትዬ በሩ ላይ ሲጠይቁህ ምን አልክ?»

«እንደ በሬ ነኝ አልኩ።»

«በሬ!» አለችው፤ እንደ ስድብ ነው ያለችው፣ ስድብም ነበር። «ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ እዚህ ደረስክ? አገጭህን ልነካ አልነበር? በዚያው እጄ ልይዘው አልነበር?»

«ሸሽቻለሁ እኮ።»

«ሸሽቻለሁ ይለኛል!» ድምፅዋ ሊወጣ ሲል ያዘችው። በዚያ ክፍል ማልቀስ ለማንም አልተፈቀደም። ልጁ ካለቀሰ ይጠቁራል፤ እሷ ካለቀሰች ልጁ ያለቅሳል። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትከሻዋ እስኪረጋ ድረስ ቆመች። ሲረጋ፣ በሩን በመካከላቸው ዘግታ ወደ ሆስፒታሉ ደወለች። በበሩ በኩል ድምፅዋ ይሰማዋል፤ «አይ፣ አልነካውም… አይ፣ እኔም አልነካሁትም… እሺ… እሺ፣ ሲስተር።»

በስልክ ለእሱ ደወለችለት፤ ከበሩ ወዲህና ወዲያ ሆነው።

«ነርሷ አይግባ ብላለች። ጉንፋን ይሁን ብናኝ ዛሬ መለየት አይቻልም አለች። እኔና እሱ ደህና ከሆንን ነገ ይቀበሉናል። አንተ ሆስፒታልም አትገባም።»

«እሺ።»

ከዚያ፣ «አልነግራትም ብለህ ብታስብም አልፈርድብህም ነበር» አለችው። «እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

አከራይዋ ነገሩን ከመስማት ወደ ኋላ የሚሉ ሰው አይደሉም። ወንበር ይዘው መጡና ራቅ አድርገው አስቀመጡለት፤ ሻይም በብርጭቆ አምጥተው ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ሸሹ።

«እንደ በሬ ነኝ ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ፣ እትዬ።»

«በል እንግዲህ፣ በሬው፣ ማደሪያህ ዕቃ ቤት ነው። ፍራሽ አስገባልሃለሁ።» ሊሄዱ ብለው ተመለሱ። «ሳትገባ መናገርህ ግን ደግ አደረግክ። እኔ በሩ ላይ የማባርረው ሰው ሁሉ ይጠላኛል፤ የማባርረው ግን ለራሴ ብዬ አይደለም፣ ለዚያ ሕፃን ብዬ ነው።»

ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ስልኩ በቪዲዮ ጠራ። ሚስቱ ናት። «ነቅቷል። መስኮቱ ጋ ና። በመስታወቱ ይይህ።»

መስኮቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ቆመው ሲያዩት ክፍሉ በሙሉ ይታያል። ሚስቱ ለእሱ ያዘጋጀችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ልጁን ጉልበቷ ላይ ወደ መስኮቱ አዙራዋለች፤ በአንድ እጇ ስልኩን ይዛለች። መካከላቸው መስታወቱ ብቻ ነው። አናጺው መዳፉን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። ልጁ መዳፉን አየና ዓይኑን ወደ ጭምብሉ አነሳ። አልፈራም፤ ከተወለደ ጀምሮ ያየው ጭምብል ነው።

«አውርደው» አለችው በስልኩ። «መስታወቱ ዝግ ነው፤ ፊትህን ይይ።»

ጭምብሉን አወረደ። ልጁ አፍጥጦ አየው። ከዚያ ወደ ስልኩ ዞር አለ፣ አባቱ ወደሚኖርበት ቦታ። ስልኩ ውስጥም ያው ሰውዬ ነው፤ ጢም የለውም።

«አለቃ!» አለ አናጺው። «አለቃ፣ እኔ ነኝ እኮ!»

ድምፁ የአባቱ ነው፤ ፊቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። የልጁ የታች ከንፈር ወደ ፊት ወጣ። እናቱ «አይዞህ፣ አይዞህ፣ አባብዬ ነው» እያለች ጀርባውን ታሻለች፤ እሱ ግን አባቱን የሰረቀ ሰው መስኮቱ ላይ እንደቆመ ሁሉ ፊቱን ጨምድዶ ጮኸ። በመስታወቱ ውስጥ ሲሰማ ድምፁ ቀጭን ነው። አናጺው የልጁን ለቅሶ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

ከንፈሩ ጠቆረ፤ ከዚያ በአፉ ዙሪያ ያለው ቆዳ። ማሽኗ ጮኸች።

«ተው፣ አትሂድ!» አለችው ሚስቱ፤ ልጁን ደረቷ ላይ አጣብቃ እያወዛወዘች። «ይለምድሃል፤ ትንሽ ቆይ፤ ወደዚህ የመጣኸው ልታየው አይደል?»

አናጺው ጉልበቱን አጥፎ ከመስኮቱ ሥር ወረደ። ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። የስልኩን ካሜራ አጠፋ፤ አሁን ልጁ ዘንድ ጥቁር መስታወትና ድምፅ ብቻ ነው የሚደርሰው።

«አለቃ» አለ፣ ጉሮሮውን ሳይጠርግ፣ በየቀኑ በሚያወራበት ድምፅ። «እንደምን ዋሉ? እኛ ሥራ ላይ ነን። ሰነፉ ሠራተኛዎ ዛሬ አንድ መዝጊያ ይዞ ይታገላል። መዝጊያው እንቢ ብሎኛል፤ ላዩን ስልገው ታቹ ይይዛል፣ ታቹን ስልገው ላዩ ይይዛል። እርስዎ ቢኖሩ አንድ ቁጣ ብቻ ነበር የሚበቃው።»

ማሽኗ ጮኸች፣ ጮኸች፣ ዝም አለች። ልጁ ተንሰቀሰቀ። አናጺው ስለ መዝጊያው፣ ስለ ሙጫው፣ ሙጫ ፀጉሩ ላይ ስለፈሰሰበት የሥራ ጓደኛው አወራ።

«ስልኩን እያየ ነው» አለችው ሚስቱ በሹክሹክታ። «ጆሮውን አቁሟል። ከንፈሩ እየተመለሰ ነው… አሁን ሳቀ። ሰማኸው?»

ሰምቶታል። አፍንጫው ውስጥ ቱቦ ያለበት ልጅ ሳቅ ትንሽ ፉጨት አለበት።

«ጀርባውን ወደ መስኮቱ አድርጌዋለሁ» አለችው። «አሁን አያይህም። ተነስና አንዴ እየው።»

«አልነሳም። ዞር ቢልስ?» አላት። «አንቺ ተኚ። ስልኩን አጠገቡ አድርጊው፤ እኔ እያወራሁት እቆያለሁ። ከደከመው ዝም እላለሁ፤ ካለቀሰ እጠራሻለሁ።»

«ሁለቱንም ዓይኔን?»

«ሁለቱንም።»

አልጋው ሲንቋቋ ሰማ። ልጁን አጠገቧ ስታስተኛው፣ ብርድ ልብስ ስትጎትት፣ አንድ ጊዜ በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማ። እሱ ስለ ወንበር እግር አወራ፤ ስለ ትልቅ እህቱ አወራ፤ አለቃ ሲመጡ የእኔን አልጋ እሰጣቸዋለሁ ያለችውን ነገረው። ልጁ አልፎ አልፎ መለሰለት፣ ኡ ብሎ። ከዚያ መመለሱን ተወ። የሚስቱ ትንፋሽ ከበድ አለ። የልጁ ፈጣን ትንፋሽ ከእሷ ትንፋሽ ጋር ተደባልቆ በስልኩ ውስጥ ይመጣ ጀመር።

ሁለቱም ተኝተዋል። አከራይዋም ወደ ቤታቸው ገብተዋል። መስኮቱ ከራሱ በላይ ነው፤ ብድግ ቢል ያንን ወጣ ያለ ጆሮ፣ ተዘርግቶ የተኛውን እጅ፣ ነገ ሐኪሞቹ የሚከፍቱትን ደረት እስኪጠግብ ያየዋል። ማንም አያውቅበትም። እጁን አንስቶ የመስኮቱን ደፍ ያዘና ሰውነቱን በግማሽ አነሳ።

ልጁ ያን ጊዜ ዓይኑን ቢገልጥስ? እሷ ተኝታለች።

ደፉን ለቀቀና መልሶ ተቀመጠ። ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ እንዳይቀሰቅሳቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እና መዝጊያው፣ አለቃ…» ብሎ ካቆመበት ቀጠለ።